ሊዝበን የምትሄዱ ካላችሁ ይህችን አስጎብኚ ያዙ

እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ለአራት ቀን ሊዝበን ይዣት ሄጄ ነበር። ዕድሜዋ 71 ነው፤ ጉልበቷንም ያማታል። የመጀመሪያው ቀን ከብዙ ሰው ጋር የሚኬድ ጉብኝት ያዝኩ። ዳገቱ ላይ ጥለውን ሄዱ። "ልጄ፣ እኔ ሆቴሌ ብቀመጥ ይሻለኛል" ስትለኝ አንጀቴን በላችው።

ማታ ጓደኛዬ ወደጠቆመችኝ አስጎብኚ ደወልኩ። ተወልዳ ያደገችው እዚያው ሊዝበን ነው። መጀመሪያ የጠየቀችኝ እናቴ ደረጃ መውጣት ትችል እንደሆነ ነው። በማግስቱ ታጣፊ በርጩማ ትከሻዋ ላይ አንግታ መጣች! በየቆምንበት ትዘረጋና እናቴን ታስቀምጣለች፤ ወሬው የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እሷ በእንግሊዝኛ ትናገራለች፣ እኔ አስተረጉማለሁ። እናቴን ሳታይ አንድም ዓረፍተ ነገር አልተናገረችም።

ቤሌም ከሚባለው ሰፈር ጀመርን። ቤሌም ማለት ቤተልሔም መሆኑን ስትነግረን እናቴ አማተበች። ከዚያ ጄሮኒሞስ ገዳም ገባን። የፖርቹጋሉ መርከበኛ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር እዚያ ነው። ድንጋዩ ላይ በጀርባው ተጋድሞ፣ ሁለት እጁን ለጸሎት ገጥሞ ተቀርጿል። አስጎብኚዋ ወደ እናቴ ዞረችና "ልጁ የቀረው እናንተ አገር ነው" አለቻት። እ.ኤ.አ. በ1541 400 ያህል ወታደሮች ይዞ ምጽዋ የገባው፣ በዓመቱ በኢማም አህመድ እጅ ወድቆ የተገደለው ክሪስቶቮ ዳ ጋማ ማለቷ ነው። እናቴ ታሪኩን ከተማሪ ቤት ጀምሮ ታውቀዋለች። "አባትየው እዚህ፣ ልጁ እኛ ዘንድ" አለችና ብዙ ዝም ብላ ቆየች።

እቴጌ እሌኒ የላከችው መልእክተኛ ማቴዎስ በ1514 እዚህ ከተማ ሲደርስ የፖርቹጋል ንጉሥ ማኑኤል በክብር እንደተቀበለውም ነገረችን። ደስ አለን።

ከሰዓት ግን ሌላ ቦታ ወሰደችን። ካፌ በካፌ የሆነ መንገድ ነው፤ ብቻችንን ብንሆን ቡናችንን ጠጥተን እናልፈው ነበር። የመንገዱን ስም አስነበበችን፦ "ፖሶ ዶስ ኔግሮስ"፣ የጥቁሮች ጉድጓድ ማለት ነው። ያው ንጉሥ ማኑኤል በ1515 የሞቱ ባሪያዎች አስከሬን የሚጣልበት ጉድጓድ እንዲቆፈር አዟል። ማቴዎስን በተቀበለ በዓመቱ! ይህን ስትነግረን አልሸፋፈነችም፣ አላለባበሰችም። አገሯን እንደምትወድ በግልጽ ያስታውቃል፤ ለእኛም ግን እውነቱን ነገረችን። እኔ ከሁሉም በላይ የማመሰግናት ለዚህ ነው። እናቴ በርጩማው ላይ ሆና ነጠላዋን አስተካክላ "ነፍስ ይማር" አለች። አስጎብኚዋ ምን እንዳለች ጠየቀችኝ። ስተረጉምላት አንገቷን ደፋች።

እናቴ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላም በደወልኩ ቁጥር "ያቺን ልጅ ሰላም በይልኝ" ትላለች።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። የምትይዘው ጥቂት ሰው ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን፤ የሊዝበን ንጣፍ ድንጋይ ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው።