የፒካፔ የአራት በአራት ኮምፒውተር ከተቀየረ በኋላ፦ አንድ ክረምትና አንድ የውርጭ ወቅት

የሰሜን ሸዋዋን ሞረትና ጅሩን በሐምሌ የሚያውቅ ሰው አራት በአራት ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም። የእነዋሪ ዙሪያ ዋልካ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ሲገባ ውኃውን ጠጥቶ ያብጥና እንደ ሊጥ ጎማ ላይ ይለጠፋል። የጎማው ጥርስ አንዴ ከተደፈነ፣ በኋላ እግሩ ብቻ የሚሄድ ፒካፕ ጭነት ያዘም አልያዘም ባለበት ይሽከረከራል። እኔ ጤፍ የምጭነው ከዚያ ነው፤ ገብስና ድንች ፍለጋ ደግሞ ወደ መንዝ፣ እስከ መሐል ሜዳ እወጣለሁ። ባለፈው ሚያዝያ የዳሽቦርዱ የአራት በአራት መብራት ብልጭ ድርግም እያለ የፊት እግሩ አልይዝ ሲል፣ ክረምቱ ሳይደርስ መላ መፈለግ ግድ ሆነ።

መኪናዬ ድርብ ጋቢና፣ ናፍጣ፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ በፈረንጆች 2012 የተሠራ ነው። የማን ስሪት እንደሆነ አልጽፍም፤ አሠራሩ በዚያ ዘመን በወጡ ብዙ ፒካፖች ላይ ተመሳሳይ ነው። እንደ ድሮዎቹ ማንሻ የለውም። ዳሽቦርዱ ላይ ያለውን ማዞሪያ ሲያዞሩት ትእዛዙ ወደ ኮንትሮል ሞጁሉ ይሄዳል፤ ጋራዥ ውስጥ «የአራት በአራቱ ኮምፒውተር» የሚሉት እሱን ነው። ኮምፒውተሩ የመኪናውን ፍጥነት ያያል፣ ማርሹ ነጻ መሆኑን ያያል፣ ከዚያ ትራንስፈሩ (የኤንጂኑን ጉልበት ለፊትና ለኋላ እግር የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ ለተገጠመው ትንሽ ሞተር ኤሌክትሪክ ይልካል። ሞተሩ ዞሮ ውስጥ ያለውን፣ የፊት እግሩን የሚያገናኘውን ሹካ ይገፋል። ሹካው የት እንደደረሰ አንድ ሴንሰር መልሶ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ከታዘዘው ቦታ ሳይደርስ ጊዜው ካለፈ ኮምፒውተሩ መብራቱን ብልጭ ድርግም ያደርጋል። እንግዲህ መብራቱ ራሱ የሚናገረው «ያልኩት አልተፈጸመም» ብቻ ነው፤ ጥፋቱ የሞተሩ ይሁን የሴንሰሩ፣ የሽቦው ይሁን የኮምፒውተሩ አይለይም። ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ የወሰድኩበት ጋራዥ ከታች እንኳ ሳይገባ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ትራንስፈሩ ይውረድ» አለኝ። አላወረድኩም። ደብረ ብርሃን ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ብቻ ወደሚሠራ አንድ ልጅ ሄድኩ። ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው። የሞተሩን ሶኬት ነቅሎ ከባትሪ በቀጥታ ለቅጽበት ያህል ኃይል ሰጠው፤ ሞተሩ ዞረ። ሽቦዎቹን አቀያየረ፤ ወደ ኋላም ዞረ። (ይህን ሙከራ ማስረዘም አይገባም፤ ሞተሩ ከመቆሚያው አልፎ ውስጡን ሊሰብር ይችላል።) ቀጥሎ እኔን ጋቢና አስገብቶ ማዞሪያውን እንዳዞር እያደረገ ሶኬቱ ላይ በቴስተር ለካ። ምንም ኃይል አይመጣም። የሻንሲውን ኔጌቲቭ ሽቦ ፈትቶ አጽድቶ ደገመው፤ ያው ነው። ስካነር ሲሰካ ደግሞ የኤንጂኑም የፍሬኑም ኮምፒውተር መልስ ሰጡ፤ የአራት በአራቱ ግን ጭራሽ አልተገኘም።

«እትዬ፣ ሞተሩ ምንም አልሆነም። ዝም ያለው ኮምፒውተሩ ነው» አለኝ።

ከተሳፋሪው እግር አጠገብ ያለውን የፕላስቲክ ሽፋን በካቻቢቴ ሲያነሳው ነገሩ ግልጽ ሆነ። የሶኬቱ ጥርሶች አረንጓዴ ዝገት አብቅለዋል፤ ከጀርባው ያለው ምንጣፍ እርጥብ ነው። ውኃው የሚገባው ከፊት መስታወቱ ጥግ ነበር፤ መስታወቱ ከኔ በፊት ተቀይሮ ኖሮ ማጣበቂያው በአንድ በኩል ለቅቋል። ይህን ሳይደፍኑ አዲስ ኮምፒውተር ማስገባት ገንዘብ ውኃ ውስጥ መጣል ነው፤ ስለዚህ መስታወቱ መጀመሪያ ተነሥቶ እንደገና ተለጠፈ።

ዕቃው ደብረ ብርሃን አልተገኘም። 130 ኪሎ ሜትር ወርጄ መርካቶ ሶማሌ ተራ ገባሁ። አዲሱ ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በተለጠፈለት ዋጋ የያገለገለውን ሦስት እጥፍ ያህል ነበር፤ ያውም ታዞ እስኪመጣ ይጠበቃል። ያገለገለውን መረጥኩ። እዚህ ላይ ለገዢ የምለው አለ፦ ቅርጹ መመሳሰሉ፣ ሶኬቱ መግባቱ ዋጋ የለውም። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ቁጥር እስከ መጨረሻው ፊደል ከአሮጌው ጋር አንድ መሆን አለበት። ማንዋልና አውቶማቲክ ካምቢዮ ላላቸው የሚለያይ ነገር አለ፣ የዲፍረንሻሉ ጥርስ ብዛትም እንዲሁ። ሻጩ «ሁሉም አንድ ነው፣ እትዬ፣ እኔን እመኚኝ» እያለ ያቀረበልኝ የመጀመሪያው በመጨረሻው ፊደል ይለያል። አሮጌውን በፌስታል ይዤ ስለሄድኩ ጎን ለጎን አስቀምጬ አሳየሁት፤ ሳቀና ሌላ አመጣ። በአንዳንድ ሌሎች ስሪቶች ላይ ቁጥሩ አንድ ቢሆንም በኮምፒውተር ፕሮግራም ካልተደረገ አይሠራም፤ የኔው ላይ የድሮውን የብልሽት ኮድ ማጥፋት ብቻ በቃ።

መግጠሙ ቀላል ነው። የባትሪውን ኔጌቲቭ መፍታት፣ ሶኬቱን ማጽዳት፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ግሪስ መቀባት፣ መሰካት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሐምሌና ነሐሴ የእነዋሪና የደነባ ጭቃ ላይ አንድ ጊዜም አላሳፈረኝም። ማዞሪያውን ሳዞር መብራቱ ጥቂት ብልጭ ብሎ ይጸናል፤ ከታች «ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ የፊት እግሩ ሲጎትት መሪው ላይ ይታወቃል። ከባዱን ማርሽ የሞከርኩት በሁለት ቦታ ነው፦ አንደኛው ወንዝ ዳር የነበረ ቁልቁለት፣ ሁለተኛው ጭነት ይዤ የመንዝ ጓሳ አጠገብ ያለ ዳገት። ከባዱ የኤንጂኑን ጉልበት 2.5 እጥፍ ገደማ ያበዛል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳይነኩ በእግር እርምጃ ፍጥነት ያወርዳል። ለመግባት ግን መኪናው ፈጽሞ መቆም፣ ፍሪሲዮን መረገጥ፣ ማርሹ ነጻ መሆን አለበት። ኮምፒውተሩ በዚህ ጉዳይ ድርድር አያውቅም፤ ትንሽ እየተንሸራተተ ከሆነ እንቢ ይላል። ዳገት ላይ ተንጠልጥሎ ይህን መጠበቅ አይመችም። ዳገቱ ሥር ሳለሁ አስገብቼ መውጣት ለመድኩ።

ጣርማ በርን በጉም ስሻገር ግን አላበራውም፤ መንገዱ እርጥብ ቢሆንም አስፋልት ነው። ደግሞም ጣሊያን ከፈለፈለው ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ያለው ጥምዝምዝ ሁሉ ጠባብ ኩርባ ነው። የኔ ዓይነቱ አራት በአራት መካከለኛ ዲፍረንሻል የለውም፤ የፊትና የኋላ ዘንጉ እኩል ይዞራሉ። ኩርባ ላይ ግን የፊት ጎማዎች የሚሄዱት ርቀት ይበልጣል። ጭቃ ላይ ልዩነቱ በመንሸራተት ያልፋል፤ አስፋልት ላይ ውጥረቱ ትራንስፈሩ ውስጥ ይቀራል። አንዳንድ ሾፌሮች ዝናብ ባዩ ቁጥር አራቱንም አስይዘው እስከ ሸዋ ሮቢት ይወርዳሉ፤ በኋላ «አልወጣም አለ» ብለው ኮምፒውተሩን ይከሳሉ። በዚሁ ምክንያት አራቱም ጎማዎች በልክም በእርጅናም ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። ሁለት አዲስ ፊት፣ ሁለት ያለቀ ኋላ ማድረግ ሁለት ቤት የሚያፈርስ ቁጠባ ነው።

ውርጩ ሲመጣ ጉድለቱ ታየ። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱን ውጭ ያደረ መኪና ጠዋት መስታወቱ በረዶ ለብሶ ይጠብቃል። በዚያ ሰዓት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ፣ ኤንጂኑን አስነሥቼ ወዲያው አራት በአራት ካዘዝኩ መብራቱ ለረጅም ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አንዳንዴ ትቶ ይመለሳል። ምክንያቱ ሲመረመር ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው። ባትሪው በብርዱ ደክሟል፣ የትራንስፈሩ ዘይት ወፍሯል፣ ሞተሩ ቀስ ይላል፣ ኮምፒውተሩ ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ አይጠብቅም። ኤንጂኑ ጥቂት ሠርቶ አልተርኔተሩ ከ13.5 ቮልት በላይ መስጠት ሲጀምር ያለ ችግር ይገባል። ብዙም አያስቸግርም፤ ግን መንዝ የሚኖር ሰው ማወቅ አለበት።

የድሮውን ኮምፒውተር አልጣልኩትም። ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ከፍቶ ሁለት የተሰነጠቁ ብየዳዎችና አንድ የተጣበቀ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) አገኘ፤ ለወጠልኝ። ኅዳር ላይ ሰክቼ ሞከርኩት። ይሠራል፤ ነገር ግን ከሁለተኛ ሙከራ በፊት እሺ የማይልበት ጠዋት ይበዛል። ለመጠባበቂያ በፌስታል ታስሮ የመኪናው ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። አቅም ያነሰው ሰው በዚህ ቢጀምር አልነቅፈውም፤ ወጪው ያገለገለ ከመግዛት ጋር አይወዳደርም።

በነገራችን ላይ፣ ቢመረጥልኝ ኖሮ ማንሻ ያለውን እመርጥ ነበር። የድሮ ሃይሉክስ ያላቸው ጎረቤቶቼ ብረት ጎትተው ያስገባሉ፤ እርጥበትም የላላ መስታወትም አያሳስባቸውም። ማዞሪያው ለከተማ እጅ ምቹ ነው፤ ለኛ መንገድ ግን የሚበላሽ ነገር ጨመረብን።

ለማንኛውም ያገለገለው ዕቃ ዋጋውን አውጥቷል፤ በክረምት ከጭቃ ለማስወጣት ለትራክተር የምከፍለው ገንዘብ ቀርቷል። በበጋም ቢሆን በወር አንድ ሁለቴ አፈር መንገድ ላይ አስገብቼ አወጣዋለሁ፣ ሹካውና ሞተሩ እንዳይደርቁ። የትራንስፈሩን ዘይት ግንቦት ላይ እቀይራለሁ፤ የመስታወቱን ጥግም ያኔ ውኃ አፍስሼበት አየዋለሁ።