ቀኑ ተቆርጦ የተሸጠልኝ «ታሚፍሉ»

ጎበዝ፣ ሰሞኑን ቤታችሁ ጉንፋን የገባባችሁ ካላችሁ ይህቺን ሳታነቡ መድኃኒት እንዳትገዙ።

እናቴ ባለፈው ሳምንት በትኩሳትና በሳል ተኛች። አምስተኛ ቀኗ ላይ ጨነቀኝና መድኃኒት በስልክ የሚሸጥ አንድ ሰው ጋ ደወልኩ። «ታሚፍሉ አለኝ፣ ከውጭ የመጣ ነው፣ ለማንኛውም ጉንፋን ፍቱን ነው፣ እናንተም እንዳይዛችሁ ውሰዱ» አለኝ። ስድስት ፍሬ በ3,600 ብር። ላክሁለት፣ ሞተረኛ አመጣው።

ካርቶን የለውም። የመመሪያ ወረቀት የለውም። ስትሪፑ በመቀስ ተቆርጧል፣ የተቆረጠው ደግሞ ልክ የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ በሚታተምበት ጠርዝ በኩል ነው። ብደውል ብደውል አያነሳም።

ደግነቱ ለእማዬ ሳልሰጣት የሰፈራችንን ፋርማሲስት ጠየቅኩ። ታሚፍሉ፣ ማለትም ኦሴልታሚቪር፣ የሚሠራው በኢንፍሉዌንዛ፣ «ፍሉ» በሚባለው የቫይረስ ሕመም፣ ላይ ብቻ ነው። ተራ ጉንፋንን አይነካም፣ ኮቪድንም አያክምም። በደንብ የሚሠራው ምልክቱ በጀመረ በ48 ሰዓት ውስጥ ከተጀመረ ነው፤ ያኔም ቢሆን ሕመሙን የሚያሳጥረው በአንድ ቀን ገደማ ነው። ለጸናበት ሰው ዘግይቶም ሊታዘዝ ይችላል፣ ግን ያንን የሚወስነው ሐኪም እንጂ ሻጭ አይደለም። የአዋቂ ሙሉ ሕክምና ደግሞ ባለ 75 ሚሊግራሙ በቀን ሁለቴ ለ5 ቀን ነው፣ 10 ፍሬ። የኔ ስድስት እንኳን ለቤተሰብ መከላከያ ለእሷ ብቻም አይበቃም ነበር።

በጣም ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። በፈረንጆቹ 2010 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በኢንተርኔት «ጀነሪክ ታሚፍሉ» (የታሚፍሉ አቻ ቅጂ) ተብሎ የሚሸጠውን ሲመረምር ውስጡ ያገኘው ክሎክሳሲሊን ነበር። የፔኒሲሊን ዘመድ የሆነ አንቲባዮቲክ! እናቴን ፔኒሲሊን አይስማማትም፤ አንዴ ተወግታ ፊቷ አብጦ ትንፋሽ አጥሯት አይቻለሁ። እኔ በእጄ የያዝኩት ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል?

በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። ሞተረኛ ስጠብቅ ያባከንኩት ግማሽ ቀን እስካሁን ይቆጨኛል። ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ደረቱን የሚወጋው ሰው ካላችሁ ስልኩን ተዉትና ተነሱ።

ሰውየው ዛሬም «አዲስ ገባ» እያለ ይለጥፋል። እባካችሁ ካርቶኑንና ቀኑን በዓይናችሁ ሳታዩ ብር አትላኩ። ከሱ የገዛችሁ ካላችሁ ስትሪፑን አትጣሉት፤ እኔ የኔን ነገ ጠዋት ይዤ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እሄዳለሁ።