አንድ ቅዳሜ በመቄዶንያ

መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በ2002 ዓ.ም. በቢንያም በለጠ ከተመሠረተ ጀምሮ ጧሪ ያጡ ወገኖችን ከጎዳና እያነሣ እንደሚያበላ፣ እንደሚያለብስና እንደሚያሳክም የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት ነው። እኔ የምመዝነው ግን አያት አካባቢ በሚገኘው ግቢ ለአንድ ቀን ገብቶ ማገልገል ምን እንደሚመስል ነው።

«ሰውን ለመርዳት ሰው መሆን በቂ ነው» የሚለውን መሪ ቃል ቀላል አድርጌ እቆጥረው ነበር። ጥፍር መቁረጫ ይዤ የአንድ አዛውንት አልጋ አጠገብ ስቀመጥ ግን እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ቆዳቸው ከመሳሳቱ የተነሣ አደማቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ። በጎኔ አንሶላ የምትቀይር አስታማሚ አይታኝ፣ «መቁረጫውን አስቀምጥና መጀመሪያ እጃቸውን ያዝላቸው፤ ሲለምዱህ ራሳቸው ይዘረጉልሃል» አለችኝ። ያዝኩላቸው። ጥቂት ቆይተው ጣታቸውን ዘረጉና፣ «አይዞህ ልጄ፣ ይህ እጅ ከአንተ የባሰ አይቷል» አሉኝ። ዐሥሩን ጣት ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀብኝ፤ ማንም አላጣደፈኝም።

የማዕከሉ ስም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 16 ለጳውሎስ በራእይ የታየውን፣ «ወደ መቄዶንያ ተሻገርና እርዳን» እያለ የለመነውን ሰው ያስታውሳል። ይህን ክፍል በስብከት ስሰማ ልቤ ሁልጊዜ የሚከተለው ተሻጋሪውን ነበር። «የሰው ፊት አታሳየኝ» እያልን ስንጸልይ ላደግን ሰዎች «እርዳን» የሚለው ቃል ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ በላባቸው ያደሩ ሰው በአልጋቸው ላይ ለመገላበጥ የሌላውን ክንድ ሲጠሩ፣ ሲጠሩም አንገታቸውን ሳይደፉ ባየሁ ጊዜ ነው።

ቅር ያሰኘኝ የእኛው የጎብኝዎች ነገር ነው። ልደትን ወይም ሠርግን ምክንያት አድርጎ ምሳ ይዞ መምጣት መልካም ልማድ ሆኖ ሳለ፣ ፎቶው አላማረም ብሎ አንዲትን እናት ሦስት ጊዜ ያጎረሰ ወጣት አይቻለሁ። እናታችን ጠግበውም ይሉኝታ ይዟቸው አፋቸውን ከፈቱ።

ለማገልገል የሚሄድ ሰው የራሱን ጥፍር አሳጥሮ፣ ቀለበቱንም አውልቆ ቢገባ ይመረጣል፤ የአዋቂ ዳይፐርና ሳሙና ይዞ ቢሄድ ደግሞ ያመጣው ዕቃ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። መሄድ ያልቻለ በ8161 አጭር የጽሑፍ መልእክት መርዳት ይችላል። እኔ በሚቀጥለው ቅዳሜ እመለሳለሁ፤ አዛውንቱ ስሰናበታቸው ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው የእግራቸውን ጥፍር አሳይተውኛል።