ከስምንት ወር በኋላ፦ የአኒማል ኮሌክቲቭ «ሜሪዌዘር ፖስት ፓቪሊየን» በሸክላ

ይህን የአሜሪካዊ ባንድ አልበም ከመግዛቴ በፊት ሌሎች አድማጮች ያሉትን ብዙ አንብቤ ነበር። ሁለት የተለያዩ ሥራዎች የሰሙ ነበር የሚመስሉት። ግማሾቹ ከወጣበት ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ በፖፕ ውስጥ እሱን የሚያህል አልተሠራም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ አንድ ሐረግ የሚደጋገምበት፣ ዘፋኞቹ ውሃ ውስጥ ሆነው የሚጮኹበት ነገር ነው ብለው ይዘጉታል። ሁለቱንም ወገን ትቼ ባለሁለት ሸክላውን ቅጂ ገዛሁ። ስምንት ወር ሆነኝ፤ ሳልሰማው ያለፈ ሳምንት ቢኖር ጥቂት ነው። አሁን የገባኝ ነገር ጭቅጭቁ በአብዛኛው አልበሙን በምን እንደሰማነው መሆኑ ነው።

እኔም ሸክላው እስኪደርሰኝ በስልኬ ስፒከር ነበር የሰማሁት። መክፈቻው «ኢን ዘ ፍላወርስ» ለሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ጭጋግ ነው፤ የሚርመሰመሱ ድምፆች፣ ከሩቅ የሚመጣ እንጉርጉሮ። ከዚያ ከሚወዳት ርቆ ያለው ዘፋኝ ለአንድ ሌሊት ከሥጋው መውጣት ሲመኝ፣ እዚያው ቃል ላይ ሙዚቃው ይፈነዳል። በስልክ ግን የሚደርሳችሁ ጫጫታው ብቻ ነው። ያንኑ ቦታ በደህና ስፒከር የሰማሁ ቀን እጄን ማጫወቻው ያለበት ጠረጴዛ ላይ ጭኜ ነበር። ምቱ በመዳፌ ገባ፤ የማጫወቻው ክዳን ተንቀጠቀጠ። ሳላስበው ተነስቼ ቆሜያለሁ።

ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ዲከን የሚባለው ጊታር ተጫዋች በዚያ ጊዜ ከባንዱ እረፍት ወስዶ ነበር። የቀሩት ሦስቱ፣ ኤቪ ቴር፣ ፓንዳ ቤርና ጂኦሎጂስት፣ ቅንብሩን በአብዛኛው ሳምፕለር ላይ፣ ማለትም የተቀዱ ድምፆችን እየቆራረጠ መልሶ በሚያጫውት መሣሪያ ላይ፣ መሠረቱት። በ2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ ኦክስፎርድ፣ ሚሲሲፒ ገብተው ሲቀዱም አብሯቸው እንዲሠራ የመረጡት ቤን አለን ናርልስ ባርክሌይ ከሚባለው የሙዚቃ ቡድን ጋር የሠራ፣ የወፍራሙን ድምፅ፣ የቤዙን ነገር የሚያውቅ ባለሙያ ነው። ስለዚህ ቤዙ እዚህ አልበም ላይ ምሰሶ ነው። ምሰሶው ተነቅሎለት የሰማ ሰው ጣራው የት ላይ እንደቆመ ባይታየው አልፈርድበትም።

በሰፊው የታወቀው ዘፈን «ማይ ገርልስ» ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት እሱን እየመላለስኩ ሌላውን ረሳሁት፤ በሦስተኛው ወር ጠገብኩት። ለጥቂት ሳምንታት ትቼው ስመለስ ግን ቀድሞ ያልሰማሁትን ሰማሁ፦ ጭብጨባው ከመግባቱ በፊት ሲንተሳይዘሩ ብቻውን እየተሽከረከረ ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ፣ አንዱ ድምፅ ሐረጉን ሳይጨርስ ሌላው እንዴት ከላይ እንደሚደርብበት። ግጥሙን የልጅ ነገር ነው የሚሉ አሉ። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ኖዋ ሌኖክስ፣ ማለትም ፓንዳ ቤር፣ የሚዘፍነው ዝናንም ሀብትንም ሳይሆን ለሚስቱና ለልጁ አንድ ደህና ቤት እንደሚፈልግ ነው። እኛ ሰምና ወርቅ የለመድን አድማጮች ከስር የተደበቀ ነገር መፈለግ ይቀናናል። እዚህ የተደበቀ የለም፤ አባት የሚፈልገውን በግልጽ ተናገረ፣ አለቀ። እንዲህ በግልጽ መዝፈን ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል።

ከሁሉ በላይ የተለወጠብኝ «ዴይሊ ሩቲን» ነው። መጀመሪያ ላይ ኪቦርዱ እንደሚንተባተብ ሰው ይቆራረጣል፣ ከዚያ ይሮጣል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ይላላና ድምፁ እየተሳበ እየተሳበ ይሄዳል። ያን ሁለተኛ ግማሽ አልችለውም ነበር፤ መርፌውን አንስቼ ወደሚቀጥለው አሳልፈው ነበር። አሁን አልበሙን የማወጣው ለእሱ ብዬ ነው። ጠዋት ልጅን አልብሶ ከቤት ለመውጣት የሚደረገውን ጥድፊያ የሚያወራ ዘፈን መሆኑን ካወቅሁ በኋላ፣ ያ መላላት ከጥድፊያው መሐል የተሰረቀች እረፍት ሆነችብኝ።

ድክመት የለውም አልልም። ኤኮው ይበዛል። «ኦልሶ ፍራይትንድ» ላይ ድምፆቹ ከመደራረባቸው የተነሳ ግጥሙን ይዤ እየተከተልኩ እንኳ ጠፍቶብኛል። «ጋይስ አይስ»ን በስምንት ወር ውስጥ አንድም ቀን አልወደድኩትም፤ «ቴስት»ም ሳይነካኝ ያልፋል። ወደ 55 ደቂቃ በሚጠጋው አልበም ውስጥ ዝምታ ብርቅ ነው። ማታ በጆሮ ማዳመጫ ከሰማሁት ከግማሹ በኋላ ጆሮዬ ይደክማል። ሸክላው እዚህ ላይ ጠቀመኝ፤ 11ዱ ዘፈኖች በአራት ገጽ ስለተከፋፈሉ ለመገልበጥ በተነሳሁ ቁጥር አንድ ትንፋሽ አገኛለሁ።

የእኔ ቅጂ ሁለተኛው ሸክላ ትንሽ ጎብጦ ነው የደረሰኝ። ከባድ መጻሕፍት ጭኜበት ሰነበተ፤ መርፌው አሁንም በመጠኑ ከፍ ዝቅ ቢልም ድምፁ አልተበላሸም።

ሽፋኑን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ቅጠል የሚመስሉ ቅርጾች የሞሉበት ሲሆን፣ ጃፓናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አኪዮሺ ኪታኦካ ከሚሠራቸው ዓይን አታላይ ሥዕሎች የተቀዳ ነው። አንዱን ቅጠል ትኩር ብላችሁ ስታዩት ይቆማል፣ በዙሪያው ያሉት ግን እንደ ማዕበል ይወዛወዛሉ። በስልክ ስክሪን እምብዛም አይታይም፤ በትልቁ የሸክላ ሽፋን ላይ ግን ዓይንን ይስባል። አልበሙም ልክ እንዲሁ ነው የሚሰማኝ፤ አንዱን ድምፅ ለይቼ ልይዘው ስል ሌላው ከጎኔ ይንቀሳቀሳል።

መዝጊያውን «ብራዘር ስፖርት»ን ለወራት እንደ ጭፈራ ብቻ ነበር የምሰማው። ሌኖክስ አባታቸው ከሞቱ በኋላ ወንድሙን ለማበረታታት፣ በውስጡ ያለውን አውጥቶ እንዲጮኸው የጻፈለት መሆኑን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ያ መደጋገም የሚያባብል ሰው መደጋገም ነው፤ አንዴ ተናግሮ የሚያቆም አጽናኝ የለም። ታናሽ ወንድሜ ይህን አልበም በስልኩ ሰምቶ ጩኸት ነው ካሉት አንዱ ነበር። ባለፈው ወር አጠገቤ አስቀምጬ የመጨረሻውን ገጽ አጫወትኩለት፤ ስለ ዘፈኑ ምንም አልነገርኩትም። ሲያልቅ ዝም ብሎ ትንሽ ቆየና ተነስቶ መርፌውን ራሱ ወደ መጀመሪያው መለሰው።