ስም የማይጻፍበት የቦርድ ግምገማ፦ ሞክረን ያየነው

የክለባችን ቦርድ ራሱን የሚገመግምበትን ሚስጥራዊ መጠይቅ በውጭ አማካሪ በኩል ሞላን፤ በጣም ነው የወደድኩት። ስም አይጻፍም። መልሱ በቀጥታ ለአማካሪው ነው የሚሄደው፣ ሰብሳቢውም ሆነ ሥራ አስኪያጁ አያዩትም። «ቦርዱ በሥራ አስኪያጁ የዕለት ተዕለት ሥራ ጣልቃ ይገባል ወይ?» የሚለው ላይ ከ1 እስከ 5 በሚሰጠው ነጥብ ከ9ኛችን አራቱ 5፣ አራቱ 1፣ አንዱ ደግሞ 3 ሰጥቶ አረፈው! አማካዩ 3 ነው፣ እሱ ብቻ ቢታይ ደህና ይመስል ነበር፤ ስብሰባ ላይ ግን ይህን የሐሳብ ልዩነት ደፍሮ ያነሳ ሰው አልነበረም። ቅር ያለኝ የጽሑፍ አስተያየቶቹ ቃል በቃል መቅረባቸው ነው። በትንሽ ቦርድ ማን እንደጻፈው ከአጻጻፉ ይታወቃል፣ ጨምቀው ቢያቀርቡት ይሻል ነበር። ለሌሎች ክለቦች ከልቤ እመክራለሁ፤ በውጤቱ ላይ የምትወያዩበትን ቀን ግን ከመሙላታችሁ በፊት ቁረጡ።