ያገለገለ ኮንቴይነር ለቤት ዕቃ ማስቀመጫነት፦ ከአንድ ዓመት በላይ ከተጠቀምኩበት በኋላ

ባለ 20 ፊት ያገለገለ የመርከብ ኮንቴይነር ገዝቼ በግቢዬ ውስጥ ለዕቃ ማስቀመጫነት መጠቀም ከጀመርኩ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዝናብ የሚበረታበትንም፣ ፀሐይ የሚከርበትንም፣ ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበትንም ወራት ከእሱ ጋር ስላሳለፍኩ፣ ለመግዛት ለሚያስቡ ሰዎች የሚረባ አስተያየት መስጠት እችላለሁ ብዬ አምናለሁ። የደረስኩበት ድምዳሜ ይህ ነው፦ ኮንቴይነሩ ከሰማይ የሚወርደውን ውኃ በሚገባ ይከላከላል፤ የሚያስቸግረው ከዕቃው ጋር አብሮ ተቆልፎበት የሚያድረው አየር የያዘው ውኃ ነው። ስለዚህ ሻጩ ስለ ቀለሙ ሲናገር፣ ገዢው ስለ ጣሪያው፣ ስለ ወለሉና ስለ አየር መተላለፊያው መጠየቅ ይኖርበታል።

በቅድሚያ ስለ መጠኑ። የባለ 20 ፊቱ የውጭ ርዝመት 6.06 ሜትር፣ ወርዱ 2.44 ሜትር፣ ከፍታው 2.59 ሜትር ሲሆን፣ ውስጡ 33 ሜትር ኩብ ያህል ይይዛል። የውስጡ ወርድ 2.35 ሜትር ገደማ በመሆኑ፣ በግራና በቀኝ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው መደርደሪያ ቢሠራ መሐል ላይ ከአንድ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መተላለፊያ ይቀራል፤ ይህም ሰው ሣጥን ተሸክሞ ለመግባት ይበቃዋል። 12.19 ሜትር የሚረዝመው ባለ 40 ፊቱ ለሚሰጠው ቦታ ሲታሰብ የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ለተራ የመኖሪያ ግቢ አልመክረውም፤ ባዶውን ከ3.5 ቶን በላይ ስለሚመዝን ማስገባቱም ሆነ በኋላ ቦታ ማስለወጡ ከባድ ሥራ ነው።

ያገለገሉ ኮንቴይነሮች በገበያ ላይ በደረጃ ተለይተው ይቀርባሉ፦ ጭነት ይዞ አንድ ጊዜ ብቻ የተጓዘ፣ አሁንም ለባሕር ጉዞ ብቁ የሆነ፣ ነፋስና ውኃ የማያስገባ፣ እንዲሁም ባለበት ሁኔታ የሚሸጥ። ለቤት ዕቃ ሦስተኛው ደረጃ ይበቃል፤ ለባሕር ጉዞ ብቁነት ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አስፈላጊ ሆኖ አላገኘሁትም። በበሩ ላይ የተመታችውን የብረት ሰሌዳ ግን ማንበብ ተገቢ ነው። ሰሌዳዋ እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው የኮንቴይነሮች ደህንነት ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት የምትለጠፍ ስትሆን፣ የተሠራበትን ጊዜና ሊሸከም የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት ትናገራለች። በአራት ፊደላት፣ በስድስት አሃዞችና በአንድ ማረጋገጫ አሃዝ የተዋቀረው የኮንቴይነሩ መለያ ቁጥርም በበሩ፣ በጎኑና በሽያጭ ወረቀቱ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑን ማመሳከር ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ምርመራ ልለፍ። የኮንቴይነር ግድግዳ የሚሠራው ኮርቴን ከሚባል፣ መዳብ፣ ክሮሚየምና ኒኬልን የመሳሰሉ ማዕድናት በጥቂቱ ከተቀላቀሉበት ብረት ነው። ይህ ብረት ሲዝግ በላዩ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ስስ ሽፋን ስለሚፈጥር ዝገቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚሄድበት ፍጥነት ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ሽፋኑ የሚጠነክረው ብረቱ እየረጠበ መልሶ ሲደርቅ ብቻ ነው፤ ውኃ አቁሮ በሚቆይበት ቦታ ኮርቴንም እንደማንኛውም ብረት ይበላል። የጎኑ ላሜራ ውፍረት በአብዛኛው ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ በመሆኑ፣ ከተበላ ለመበሳት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። በዚህ ምክንያት በጎን ግድግዳ ላይ የሚታየው ሰፊ ቡናማ ዝገት ብዙም አላሳሰበኝም። ያሳሰበኝና መሰላል አስመጥቼ በጥንቃቄ የተመለከትኩት ጣሪያው ነበር፤ በክሬን ሲነሳና ሲወርድ የተጎዳ ጣሪያ ላይ የሚፈጠር ጎድጓዳ ስፍራ ውኃ ያቁራል፣ ቀዳዳውም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከበሩ ግርጌ ያለው የብረት ደፍና ከወለሉ ሥር የሚያልፉት አግዳሚ ብረቶችም እንዲሁ መታየት አለባቸው።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ምንም ወጪ የለውም። በጠራራ ፀሐይ ወደ ውስጥ ገብቶ፣ በውጭ የሚታመን ሰው አቁሞ፣ በሮቹን ማስዘጋትና ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ መጠበቅ ነው። የመርፌ ቀዳዳ የሚያህል ብርሃን እንኳ ወዲያው ይታያል። እኔ በመረጥኩት ኮንቴይነር ውስጥ ብርሃን የገባው በበሩ ጎማ ጥግ በኩል ብቻ ስለነበረ ጎማውን በማስለወጥ ተፈትቷል። ይህን ፈተና ለማድረግ ፈቃደኛ ያልሆነ ሻጭ ካለ፣ ከእርሱ አለመግዛት ይሻላል።

ወለሉ 28 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ጠንካራ ኮምፔንሳቶ የተሠራ ሲሆን፣ እንጨቱ ተባይ እንዳይበላው አብዛኛውን ጊዜ በፀረ-ተባይ መድኃኒት የታከመ ነው። ከዚህም በላይ ቀድሞ ምን እንደተጫነበት፣ ምን እንደፈሰሰበት ማወቅ አይቻልም። እኔ በሮቹን ለሳምንታት ከፍቼ አናፍሼው፣ ወለሉን በኤፖክሲ ቀለም ሁለት ጊዜ አስቀብቼዋለሁ፤ መጀመሪያ የነበረው የሚሰነፍጥ ሽታም ጠፍቷል። እንዲህም ሆኖ እህልና ሌላ የሚበላ ነገር አላስቀምጥበትም፤ ይህንንም ለሌላ ሰው አልመክርም።

በአቀማመጡ ረገድ ማወቅ የሚያስፈልገው፣ ኮንቴይነር ክብደቱን ሁሉ የሚያሳርፈው በአራቱ የማዕዘን ብረቶች ላይ መሆኑን ነው። መሬቱን በጠጠር አስደልድዬ፣ በየማዕዘኑ የኮንክሪት መሠረት አሠርቼ፣ በውኃ ልክ ካስተካከልኩ በኋላ ነው ያስቀመጥኩት። ከአራቱ አንዱ ማዕዘን ዝቅ ቢል አካሉ በጥቂቱ ይጣመማል፣ በሮቹም አልዘጋ ይላሉ፤ ብዙ ሰው በማጠፊያው ዝገት የሚያሳብበው የበር መክበድ መነሻው ይኸው ነው። ከመሬት ከፍ ማለቱ ደግሞ ከሥሩ አየር እንዲያልፍ አድርጓል። ኮንቴይነሩ በመኪናው ላይ ሲጫን በሮቹ ወደየት አቅጣጫ እንደሚዞሩ አስቀድሞ ለጫኚዎቹ መንገር እንደሚያስፈልግም ላስታውስ፤ ግቢ ከገባ በኋላ ማዞር ሁልጊዜ አይቻልም።

ከላይ ወዳነሳሁት የአየር ጉዳይ ልመለስ። በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት በእርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር 30 ግራም ያህል ውኃ በእንፋሎት መልክ ይይዛል፤ ያው አየር ወደ 15 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ ግን መያዝ የሚችለው 13 ግራም ገደማ ብቻ ነው። በ33 ሜትር ኩብ ሲባዛ ልዩነቱ ከግማሽ ሊትር ይበልጣል። ይህ አየሩ ሙሉ በሙሉ በጠገበ ጊዜ የሚደርስ የላይኛው ወሰን ቢሆንም፣ ስሌቱ የችግሩን ምንጭ ያሳያል፦ የብረት ጣሪያ ሌሊት ከሁሉ ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ እንፋሎቱ በእርሱ ላይ ጤዛ ይሆንና ንጋት ላይ በዕቃው ላይ ይንጠባጠባል። በመጀመሪያዎቹ ወራት በካርቶኖቹ ላይ ያየሁት እርጥብ ነጠብጣብ ቀዳዳ ያለ አስመስሎ ነበር፤ ጣሪያው ግን ፍጹም ደህና ነበር።

መፍትሔውን ደረጃ በደረጃ ነው ያገኘሁት። ከፋብሪካ የሚመጡት ትናንሽ የአየር መተላለፊያዎች ውስጡን በሚገባ ለማናፈስ አይበቁም። ስለዚህ በአንደኛው ጫፍ ዝቅ አድርጌ፣ በሌላኛው ጫፍ ከፍ አድርጌ ወንፊት ያላቸው ሰፋፊ መተላለፊያዎች አስገጠምኩ። ጣሪያውን ከውጭ ነጭ ቀለም አስቀባሁ፤ ከውስጥ ደግሞ የሙቀት መከላከያ ፎም ክፍተት ሳይኖረው አጣብቄ አስለጠፍኩበት፤ ከፎሙና ከብረቱ መካከል አየር የሚገባበት ክፍተት ከተተወ ጤዛው ከፎሙ በስተጀርባ በድብቅ ይፈጠራልና። ለውጡ ግልጽ ነበር፤ ባለፉት ቀዝቃዛ ወራት ከጣሪያው የተንጠባጠበ ነገር አላየሁም። እርጥበት የሚስብ የካልሲየም ክሎራይድ ከረጢት የሚጠቅመው ኮንቴይነሩ ጥብቅ ሆኖ ከተዘጋ ብቻ ነው፤ መተላለፊያው ክፍት በሆነበት ከረጢቱ የደጁን አየር ሲያደርቅ ይውላል። ሁለቱን አንድ ላይ ከማድረግ አንዱን መርጦ በርሱ መጽናት ይሻላል።

ዕቃዎቹን በተመለከተ፣ የእጅ መሣሪያዎች፣ ጎማዎች፣ የግንባታ ቁሳቁስ፣ ብስክሌትና የፕላስቲክ ሣጥኖች ያለ ምንም ችግር ቆይተዋል። የእንጨት ዕቃዎችም ከግድግዳው ራቅ ብለው በፓሌት ላይ በመቀመጣቸው አልሻገቱም። መጻሕፍትን፣ ፎቶግራፎችንና ኤሌክትሮኒክስ ግን ወደ ቤት መልሻቸዋለሁ፤ ቀን በፀሐይ የሚግል ሌሊት የሚቀዘቅዝ ክፍል ለእነርሱ አይስማማም። ቤንዚንና የጋዝ ሲሊንደር ከቶ አይቀመጥበትም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለሉ ላይ ተጠራቅሞ ይቆያል፤ በታሸገ የብረት ክፍል ውስጥ ደግሞ አንዲት ብልጭታ ብትነካው ፍንዳታው በሮቹን ሊወረውራቸው ይችላል።

በሩን ለመቁረጥ የሚሞክር ሰው ጓጉንቸሩን እንዳያገኘው፣ በጓጉንቸሩ ዙሪያ የብረት ሣጥን አስበይጃለሁ። ብየዳው ሲከናወን የወለሉ እንጨት እንዳይቃጠል ውኃ አቅርቦ መጠበቅ፣ አሮጌው ቀለምም ጎጂ ማዕድን ሊኖረው ስለሚችል በሚፋቅበት ጊዜ አቧራውን የሚከላከል ጭምብል ማድረግ ያስፈልጋል። መስኮት ማስወጣት የሚፈልግ ሰውም ቆርቆሮው ራሱ ከሸክሙ ከፊሉን እንደሚሸከም አውቆ፣ በተቆረጠው ዙሪያ የብረት ክፈፍ ማስበየድ ይኖርበታል።

በመጨረሻም ልጆች ላሉበት ቤት አጥብቄ የምለው አለኝ። የኮንቴይነር በር የሚከፈተውና የሚቆለፈው ከውጭ ብቻ ነው፤ ከውስጥ እጀታ የለውም። እኔ ሥራ ላይ ስሆን በሩን ከፍቼ ከጎን ግድግዳው ጋር በመንጠቆ አስረዋለሁ፤ ጓጉንቸሩን ከነቁልፉ በኪሴ እይዛለሁ፤ ከመቆለፌም በፊት እስከ መጨረሻው ጥግ ድረስ በባትሪ እያበራሁ አያለሁ።