ቁጥሩ ከየት መጣ? የወጪ ሶፍትዌሬ ከወራት በኋላ

ይሄን የግንባታ ሥራ መጠንና ወጪ የሚያሰላ ሶፍትዌር ስገዛ ሻጩ ያወራኝ ስለ ፍጥነት ብቻ ነበር። የሦስት ቀኑን ቴክኦፍ (ከፕላን ላይ የሥራ መጠን ለክቶ ማውጣት) በግማሽ ቀን ትጨርሳለህ አለኝ። ይፈጥናል፣ አልክድም። ግን ለፍጥነቱ ብቻ ቢሆን ብሬ ይቆጨኝ ነበር፤ ኤክሴል የለመደ እጅም እኮ አይዘገይም። ብሬን ያስመሰገነው ሻጩ አንዴም ያላነሳው ነገር ነው።

ጅማ ውስጥ ጂ+4 ሕንፃ እየሠራን ነው፣ እኔ የተቋራጩ ኳንቲቲ ሰርቬየር (የሥራ መጠንና ክፍያ አስሊ) ነኝ። የክፍያ ሰርተፊኬት (ለሠራነው ክፍያ የምንጠይቅበትን ሰነድ) ባቀረብን ቁጥር የአሠሪው አማካሪ መሐንዲስ ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ይቀመጣል። በቀደም የሁለተኛውን ወለል ሶሌታ (የወለሉን የአርማታ ንጣፍ) ስናቀርብ ሶሌታውን የሚሸከመውን የቢሙን አርማታ ሊቀንስብን ተነሳ። “ሶሌታው ውስጥ ቆጥራችሁታል፣ እዚህ ደግሞ ደገማችሁት” አለ። ድሮ ቢሆን የቴክኦፍ ወረቀቱን ዘርግተን፣ ፕላኑን ፈልገን፣ አክሲስ በአክሲስ ስንጨቃጨቅ ይመሽብን ነበር። ላፕቶፑን ወደሱ አዞርኩና “ኢንጂነር፣ አንተው ራስህ ቁጥሩን ንካው” አልኩት። ነካው። ፕላኑ ተከፈተ፣ የተለካው ቢም በሰማያዊ ደመቀ፣ ከጎኑ ስሌቱ ወጣ፦ የቢሙ ቁመት 40 ሴንቲ፣ የሶሌታው 15 ሲቀነስ 25። የሶሌታው ድርሻ አልተደገመም ማለት ነው። ሌሎች ቢሞችንም እየነካካ አየ። ከዚያ ፈረመ።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ጅማ ላይ ዝናቡ ቶሎ ገብቶ ዘግይቶ ነው የሚወጣው፤ በጋ ላይ ክፍያ ከተያዘ ሲሚንቶ አይገዛም፣ የቀን ሠራተኛው ደሞዙን እየጠበቀ ይቆማል፣ ሥራው ዝናብ ውስጥ ይገባል። አንድ ቁጥር ከየት እንደመጣ ወዲያው ማሳየት መቻል ለኔ ከፍጥነቱ በብዙ ይበልጣል።

ዋጋ ላይም ጥሩ ነው። ሐምሌ 2016 የብሩ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ለከለሰ ሰው ይገባዋል፣ የሲሚንቶውን ዋጋ አንድ ቦታ ስቀይር ሲሚንቶ ያለበት ሁሉ አብሮ ይስተካከላል።

ፌሮ ላይ ግን ደካማ ነው። የ12 ሚሊሜትሩን በሜትር 0.888 ኪሎ ብሎ ክብደቱን ያወጣል፣ ግን ገበያ ላይ ፌሮ በ12 ሜትር ቁመት ነው የሚመጣው፣ የቁርጥራጩን ብክነት አያውቅልህም። እሱን አሁንም በኤክሴል ነው የምሠራው።

ልትገዙ ካሰባችሁ ሻጩ ባዘጋጀው ናሙና አትመኑ። የራሳችሁን ፕላን ይዛችሁ ሂዱና አንድ ቢም አስለኩት፣ ከዚያ ቁጥሩን ነክቶ ከየት እንዳመጣው ያሳያችሁ። ካላሳየ አትክፈሉ።